ቲማቲም አበባ ሲይዝ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ፦ ዩሪያ ከመጨመርዎ በፊት

በጥርና በየካቲት፣ የመስኖ ቲማቲም አበባ በሚይዝበት ሰሞን፣ ከሐርቡም ከሐይቅም ከመርሳም ከቆቦም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቅጠሉ ቢጫ ሆነብኝ፤ ዩሪያ ልጨምርበት?» ከጥያቄው ጋር ብዙ ጊዜ በስልክ የተነሳ ፎቶ ይመጣል፤ በእጅ የተያዘ አንድ የተቀጠፈ ቅጠል። ከዚያ ፎቶ ተነስቶ መልስ መስጠት አይቻልም። ዋናው ነገር ቅጠሉ ተክሉ ላይ የት ነበር የሚለው ነው፤ ቅጠሉ ሲቀጠፍ ይህ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ምርመራውን እርስዎ ራስዎ ማሳው ላይ ቆመው እንዲሠሩት ቅደም ተከተሉን እነሆ። ጓሮ ውስጥ አሥር እግር ለተከለም፣ አንድ ጥማድ መሬት በመስኖ ለሚያለማም ያገለግላል። ቃሪያና በርበሬም የቲማቲም ዘመድ ስለሆኑ አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምርመራው፦
- መኮትኮቻ ወይም ትንሽ አካፋ
- ስለታም ቢላዋ ወይም መቀስ፣ መጥረጊያ ጨርቅ፣ በረኪና ወይም አልኮል
- ግልጽ ብርጭቆና ንጹሕ ውሃ
- ነጭ ወረቀት
- አጉሊ መነጽር፤ ከሌለ የስልክ ካሜራ

ለሕክምናው (ምርመራው ሳያልቅ አይግዙ፤ ምናልባት አንዱም ላያስፈልግዎ ይችላል)፦
- በደንብ የበሰለ ኮምፖስት
- ዩሪያ
- ማግኒዝየም ሰልፌት
- ፈሳሽ ሳሙና
- የጤፍ ገለባ ወይም ደረቅ ሣር
- የእጅ መርጫ፣ የሻይና የሾርባ ማንኪያ፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ

ደረጃ 1፦ ምንም ሳይጨምሩ ተክሉን በሙሉ ይመልከቱ

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሂዱ። ቀትር ላይ ጤነኛ ቲማቲም እንኳ ጠውለግ ስለሚል ያሳስትዎታል። ቢያንስ ከአምስት የተለያዩ ቦታዎች አንድ አንድ እግር መርጠው ይህን ይመልሱ፦ ቢጫው ከታች ባሉት አሮጌ ቅጠሎች ላይ ነው? ከላይ ባለው ለጋ ቅጠል ላይ ነው? ወይስ የተክሉን አንድ ጎን ብቻ ይዟል?

ይህ ጥያቄ የሚቀድመው ለምንድን ነው? ናይትሮጅን፣ ማግኒዝየምና ፖታሲየም በተክሉ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይጓዛሉ። እጥረት ሲመጣ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአበባውና ለለጋው ይሰጣል፤ ስለዚህ የእነዚህ እጥረት ከታች ይጀምራል። ብረትና ድኝ ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ በኋላ እንደልብ አይንቀሳቀሱም፤ የእነሱ እጥረት የሚታየው አዲስ በሚወጣው ቅጠል ላይ ነው። የቢጫውን ቦታ ብቻ በማየት ግማሹን ጥርጣሬ ከወዲሁ ያስወግዳሉ።

ችግሩ በማሳው ላይ እንዴት እንደተሰራጨም ልብ ይበሉ። ማሳው በሙሉ እኩል ቢጫ ከሆነ ብዙ ጊዜ የምግብ ወይም የውሃ ነገር ነው። እዚህ አንድ እግር፣ እዚያ ሁለት እግር እያለ ከሆነ በሽታን ይጠርጥሩ። ውሃ በሚተኛበት ዝቅ ያለ ቦታ ብቻ ከታየ ደግሞ ምክንያቱን ቦታው ራሱ እየነገርዎ ነው።

ደረጃ 2፦ የእርጅና ቢጫ መሆኑን ይለዩ

መሬት ሊነኩ የደረሱት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ቢጫ ከሆኑ፣ ከላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ከሆነና አበባው እየቋጠረ ከሆነ፣ ምንም አያድርጉ። እነዚህ ቅጠሎች ጥላ ውስጥ ስለዋሉ ተክሉ ያላቸውን ወስዶ ጥሏቸዋል። ቆርጠው አውጥተው ሥራዎን ይቀጥሉ። ቢጫው በየሳምንቱ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 3፦ አፈሩን ቆፍረው ውሃውን ይመርምሩ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ ካየሁት የአበባ ወቅት ቢጫ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ማዳበሪያ ማጣት ሳይሆን የውሃ አሰጣጥ ነው።

ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው 15 ሳንቲሜትር ያህል ይቆፍሩ። ከታች ያለውን አፈር በእጅዎ ጨብጠው ይጭመቁት።

- ውሃ ካንጠባጠበ ወይም እንደ ጭቃ በጣቶችዎ መካከል ከወጣ፣ ውሃ በዝቶበታል።
- ድቡልቡል ሆኖ ቆይቶ በአውራ ጣት ሲነኩት ከፈረሰ፣ ደህና ነው።
- ጭራሽ ካልተያያዘና እንደ ዱቄት ከተበተነ፣ ተጠምቷል።

ሥሩንም ይመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ ሲጎትቱት ልጡ የሚወልቅና መጥፎ ሽታ ያለው ሥር በውሃ ታፍኗል ማለት ነው። ሥር ለመሥራት አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት በውሃ ከተሞላ፣ ከአጠገቡ ምግብ ሞልቶ እንኳ መውሰድ አይችልም። እንዲህ ያለው ተክል ላይ ላዩን ሲታይ የተራበ ይመስላል። ሰው ዩሪያ ይጨምራል፤ ዩሪያውን ለማሟሟት ደግሞ እንደገና ውሃ ይለቃል። ተክሉ የሚሞተው በዚህ ነው።

በጥቁር አፈር ላይ ይህ የበለጠ ይከፋል። ጥቁር አፈር ውሃን ይዞ ያቆያል፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። ውሃ በተራ በሚታደልበት ቦታ፣ የውሃ አባቱ ተራዎን ሲሰጥዎ «ደግሞ እስኪደርሰኝ» ብሎ ማሳውን ማጥለቅለቅ ያጓጓል። ከዚያ ይልቅ፦

- ቲማቲሙን ከፍ ባለ መደብ ላይ ያድርጉትና ውሃው በቦዩ ብቻ ይሂድ፤ ግንዱን አይንካ።
- ከቦዩ መጨረሻ ውሃ የሚወጣበት መንገድ ይክፈቱ። ተኝቶ የሚያድር ውሃ አይኑር።
- ገለባ ወይም ደረቅ ሣር በአራት ጣት ውፍረት ይጎዝጉዙ፤ ከግንዱ ግን አንድ ጣት ያህል ያርቁት። ጉዝጓዙ እርጥበቱን እስከ ሚቀጥለው ተራ ያቆይልዎታል፤ የጭቃ ፍንጣሪም ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይደርስ ይከላከላል።
- በባልዲ የሚያጠጡ ከሆነ፣ አበባ ለያዘ አንድ እግር በየሦስት ቀኑ ከ4 እስከ 5 ሊትር መነሻ ይሁንዎ። በጥቁር አፈር ላይ ቀኑን አራርቀው፣ በአሸዋማ ላይ መጠኑን ከፋፍለው ይስጡ። ሁልጊዜም ከማጠጣትዎ በፊት በጭብጥ ይፈትሹ።

ውሃ በዝቶ ከሆነ ማጠጣቱን ያቁሙ፣ የመደቡን ገጽ በቀስታ ኮትኩተው አየር ያስገቡ፣ አፈሩ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ጭብጥ እስኪመለስ ይጠብቁ። በዚህ ጊዜ ምንም ማዳበሪያ አይስጡ።

የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ፤ የመደቡ ገጽ ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ከቀረ ጨው እየተከማቸ ነው። የቅጠሉ ዳር ተቃጥሎ ቢጫ መሆኑ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ማዳበሪያ ደግሞ ራሱ ጨው ስለሆነ ያብሰዋል።

ደረጃ 4፦ ቅጠሉን ገልብጠው ነፍሳት ይፈልጉ

ከቅጠሉ ሥር ነጭ ወረቀት ይዘው ቅጠሉን መታ መታ ያድርጉት።

*ቀይ ሸረሪት*፦ ወረቀቱ ላይ የነጥብ ያህል ትንንሽ ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ያያሉ። ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስል በደቃቅ ቢጫ ነጥብ ይሞላል፤ ሲብስ ከሥሩ ቀጭን ድር ይታያል። ሙቀትና ድርቀት ይወዳል፤ ከመንገድ ዳር አቧራ የሚነሳበት ማሳ ላይ ይበረታል። ለጥቂት እግር ከሆነ የቅጠሉን ጀርባ በውሃ ግፊት ማጠብ ብዙ ይረዳል። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ጀርባውን እስኪርስ ይርጩ፤ በ5 ቀን ልዩነት ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። የሚደገመው ሳሙናው እንቁላሉን ስለማይገድለው ነው። አስቀድመው ሁለት ቅጠል ላይ ሞክረው አንድ ቀን ይጠብቁ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ቅጠል ያቃጥላል፤ አይጠቀሙት።

*ነጭ ዝንብ*፦ ተክሉን ሲነቀንቁት ብን ብለው የሚነሱ ነጫጭ ትንንሽ ናቸው። ዝንቡ ራሱ ከሚጠጣው ይልቅ የሚያመጣው ቫይረስ ይከፋል። ለጋው ቅጠል ትንሽ ሆኖ ወደ ላይ ከተጠቀለለ፣ ዳሩ ቢጫ ከሆነ፣ ተክሉ ከቆረቆዘና አበባው ሳይቋጥር ከረገፈ የቲማቲም ቅጠል አጠቅላይ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒት የለውም። ዝንቡ በማይነሳበት ማለዳ ተክሉን በፌስታል ሸፍነው ይንቀሉና ያስወግዱ፤ ካቆዩት ለጎረቤቱ ሁሉ ምንጭ ይሆናል። ለቀሩት፣ ባዶ ቢጫ የዘይት ጄሪካን ላይ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀብተው በተክሉ ቁመት እንጨት ላይ ይስቀሉ። ዝንቡ ቢጫ ቀለም ስለሚስበው ይጣበቃል። የኒም ዛፍ በሚገኝበት ቆላ፣ 50 ግራም የተወቀጠ የኒም ፍሬ በ1 ሊትር ውሃ አሳድረው አጥልለው ማታ መርጨት ይቻላል።

*ቱታ አብሶሉታ*፦ በቅጠሉ ሁለት ገጾች መካከል ተቦርቡሮ የነጣ ቦታና በውስጡ ጥቁር ኩስ ካዩ ይህ ትል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2012 ወዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር የሚታወቅ ነው። የተጠቃውን ቅጠል ለቅመው ያቃጥሉ።

ደረጃ 5፦ ጅማቱን ያንብቡ

ውሃው ደህና ከሆነና ነፍሳት ከሌሉ፣ አሁን ስለ ምግብ እጥረት ማሰብ ይቻላል። ቅጠሉን ሳይቀጥፉ ወደ ብርሃን አቅንተው ይመልከቱት።

ከታች ያለው ቅጠል ጅማቱም ሥጋውም አንድ ላይ ገርጥቶ ቢጫ ከሆነ፣ ተክሉም ቀጭጮ ከሆነ፣ ናይትሮጅን ነው።

ከታች ያለው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ በጅማቶቹ መካከል ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ፣ ማግኒዝየም ነው። ፍሬ መሙላት ሲጀምር በጣም ይታያል። ብዙ አመድ በተበተነበት ቦታም ይመጣል፤ አመዱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ሲበዛ ሥሩ ማግኒዝየም እንዳይወስድ ይሻማዋል።

ከታች ያለው ቅጠል ዳር ዳሩ ብቻ ቢጫ ሆኖ ከዚያ እንደተቃጠለ ቡናማ ከሆነ፣ ፖታሲየም ነው። ዩሪያም፣ ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያም ፖታሲየም የላቸውም፤ ስለዚህ በእነዚህ ብቻ ዓመት ከዓመት በሚታረስ መሬት ላይ ማጋጠሙ አይገርምም።

ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ፣ ሥጋው ቢጫ ወይም ነጭ ሊሆን የደረሰ ከሆነ፣ ብረት ነው። በአብዛኛው ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ኖራማ ወይም ውሃ የጠገበ አፈር ይዞት ነው። እንደዚያ ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

ደሴ አካባቢና ከዚያ በላይ ባለው ደጋ የምትተክሉ ደግሞ የቅጠሉ ጀርባ ወይን ጠጅ ሲሆን ታያላችሁ። ይህ ከብርድ ነው፤ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መውሰድ ያቅተዋል። አየሩ ሲሞቅ በራሱ ይስተካከላል።

ደረጃ 6፦ የጎደለውን ብቻ፣ በትንሹ ይስጡ

*ናይትሮጅን*፦ ለአንድ እግር ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ይበቃል። ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቀው በዙሪያው ጥልቀት የሌለው ቦይ ያውጡ፣ ይበትኑ፣ በአፈር ይሸፍኑ፣ ያጠጡ። መሸፈኑ ግዴታ ነው፤ ዩሪያ ላይ ላዩን ከቀረ በሙቀቱ ወደ አየር ይተናል። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለሆነ ትንሿ መጠን ብዙ ናት። ከግንዱ ጋር ከተጠጋ ያቃጥላል። በዚህ ወቅት ከበዛ ደግሞ ተክሉ ወደ ቅጠል ያዘነብላል፣ አበባው ይረግፋል፣ ለጋው ሥጋ ለነፍሳት ይመቻል። ሌላው አማራጭ ለእግር ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ነው፤ ዘግየት ይላል እንጂ አይጎዳም። ያልበሰለ እበትና ትኩስ የዶሮ ኩስ አበባ ለያዘ ቲማቲም አይሰጥም፤ ሥር ያቃጥላል፤ ለሚበላው ፍሬም ንጽሕናው አያስተማምንም።

*ማግኒዝየም*፦ 1 የሾርባ ማንኪያ ማግኒዝየም ሰልፌት በ1 ሊትር ውሃ አሟሙተው ማታ ቅጠሉ ላይ ይርጩ። ከ10 ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት። በቅጠል የሚሰጠው ቶሎ ስለሚገባ ነው።

*ፖታሲየም*፦ የእንጨት አመድ ለአንድ እግር አንድ እፍኝ፣ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ። ነገር ግን አፈርዎ ኖራማ ወይም ጨዋማ ከሆነ አመድ ይተዉ፤ ኮምፖስት ይሻላል። አመድና ዩሪያን በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ፈጽሞ አይስጡ። አመዱ ዩሪያውን ወደ ጋዝ ለውጦ ያባክነዋል።

ደረጃ 7፦ በሽታ መሆኑን ይፈትሹ

ቢጫው በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ተክሉ ጠዋትም ጠውልጎ ከተገኘ፣ አንድ እግር ለምርመራ መሥዋዕት ያድርጉ። አንድ እግር ማጣት ማሳውን ከማጣት ይሻላል።

1. ከነሥሩ ነቅለው አፈሩን ያራግፉ። ሥሩ ላይ ዶቃ የመሰሉ እብጠቶች ካሉ የሥር ትል ነው።
2. ግንዱን ከመሬት በላይ በቁመቱ ይሰንጥቁት። ከልጡ ሥር ቡናማ መስመር ወደ ላይ ከወጣ፣ ፉዛሪየም የሚባለው የሻጋታ አጠውልግ ነው።
3. ከግንዱ የታችኛው ክፍል ቁራጭ ወስደው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ይያዙ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ከፈሰሰ፣ የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ ተክሉን ቢጫ ሳያደርገው በአረንጓዴነቱ ነው የሚያጠወልገው።

ለሦስቱም ርጭት አያድንም። የተጠቃውን ከነሥሩ ያውጡ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨምሩት፣ አድርቀው ያቃጥሉ። ያን ቦይ ከሁሉም በኋላ ያጠጡ፤ ከዚያ የወጣ ውሃ ወደ ሌላ መደብ እንዳይፈስ ይገድቡ፤ በሽታው በውሃም፣ በመኮትኮቻም፣ በጫማ ጭቃም ይጓዛል። በአጠውልግ በተያዘ መሬት ላይ በሚቀጥሉት ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ በርበሬ አይመለስ፤ ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ጤፍ ይዝሩበት።

ከታች ያሉት ቅጠሎች ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ካለና ነጠብጣቡ ውስጥ ክብ በክብ የተደራረበ ቀለበት፣ ዙሪያውን ደግሞ ቢጫ ከታየ፣ ይህ የቅጠል ሻጋታ በሽታ ነው። የታመሙትን ቅጠሎች ቆርጠው ያውጡ፤ ውሃ ከላይ አያርከፍክፉ፤ ተክሉን በእንጨት ደግፈው አየር እንዲያገኝ ያድርጉ። በርከት ብሎ ከተዛመተ ለቲማቲም የተፈቀደ ጸረ ሻጋታ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይርጩ።

ደረጃ 8፦ ቢጫውን ቅጠል በአግባቡ ያውጡ

ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይሥሩ፤ እርጥብ ቁስል በሽታ ይቀበላል። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው፣ ከእግር ወደ እግር ሲያልፉ ቢላዋውን ነክረው ይጥረጉ። ከግማሹ በላይ ቢጫ የሆነውን ብቻ ይቁረጡ። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ቅጠል ከሦስት አንድ እጅ በላይ አይንኩ። ፍሬውን ከፀሐይ የሚጋርደው ቅጠል ነው፤ በቆቦ ፀሐይ የተራቆተ ፍሬ ነጭ ጠባሳ ያወጣል።

ደረጃ 9፦ ከ7 እስከ 10 ቀን ይጠብቁና አዲሱን ቅጠል ይመልከቱ

ጨርሶ ቢጫ የሆነ ቅጠል ወደ አረንጓዴ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው ቢጫው ወደ ላይ መውጣቱን ሲያቆምና አዲሱ ቅጠል በመልካም ቀለም ሲወጣ ነው። በእነዚህ ቀናት ሌላ ነገር አይጨምሩ። ሁለት ሕክምና በአንድ ሳምንት ከሰጡ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው እንደጎዳ አያውቁትም።

ማስጠንቀቂያ

- ለጤፍ ወይም ለስንዴ አረም ቱፎርዲ የሚባለው የአረም ማጥፊያ የተረጨበትን የጀርባ መርጫ ተውሰው ቲማቲም ላይ አይርጩ። ቲማቲም ለቱፎርዲ እጅግ ስስ ነው፤ መርጫው ውስጥ የቀረው ጥቂት እንኳ ቅጠሉን ያጣምመዋል፣ ለጋውን እንደ ክር ያቀጥነዋል። ከአጎራባች ማሳ በነፋስ የሚመጣውም እንዲሁ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህንን ቫይረስ መስሎት ማሳውን ይነቅላል። ለአትክልት የራሱ መርጫ ይኑርዎ።
- ለሌላ ሰብል የተገዛ ኬሚካል ቲማቲም ላይ አይሞክሩ። ከርጭት እስከ ለቀማ ያለውን የመቆያ ቀን ማሸጊያው ላይ አንብበው ይጠብቁ፤ ፍሬው ለልጆችዎም ለገበያም ነው።
- አበባ ላይ ንብ በሚውልበት ሰዓት አይርጩ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይሁን፤ ቅጠልም አይቃጠልም።
- ባዶ የኬሚካል ዕቃ ታጥቦም ቢሆን ውሃ ወይም ዘይት አይያዝበት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ቀትር ላይ የጠወለገ ተክል አይቶ ወዲያው ማጠጣት። ማታ ቀና ካለ አልተጠማም፤ ጠዋት በጭብጥ ይፈትሹ።

ጎረቤት የሰጠውን መድኃኒት ያለ ምርመራ መድገም። የእሱ ማሳ አሸዋማ፣ የእርስዎ ጥቁር አፈር ሊሆን ይችላል፤ አንድ ዓይነት ቢጫ ከሁለት ምክንያት ይመጣል።

ደረቅ አፈር ላይ ማዳበሪያ መስጠት። መጀመሪያ በቀላሉ ያጠጡ፣ በማግስቱ ማዳበሪያውን ይስጡ፤ ያለበለዚያ ጨውነቱ ሥሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ይስባል።

ለግብርና ባለሙያ አንድ ቅጠል ብቻ ይዞ መሄድ። ወደ ቀበሌው የልማት ሠራተኛ ወይም ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ ሙሉ ተክል ከነሥሩና ከጥቂት አፈሩ ጋር፣ ሥሩን በረጠበ ጋዜጣ ጠቅልለው፣ በተነቀለበት ቀን ያድርሱ። መቼ እንደተተከለ፣ መጨረሻ መቼ እንደጠጣና ምን ማዳበሪያ በምን ያህል እንደተሰጠው በወረቀት ጽፈው አብረው ይያዙ።